መካኒክ ፊት የማትታመም መኪና

አንድ ሀብታም ነበረ፤ አንዲት መኪና ይወድ ነበር።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ ቀይ የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። አጭር ስለሆነች ሰው አጠገቧ ሲቆም ከወገቡ ብዙም አታልፍም። ያኔም አሮጌ ነበረች፤ ከተሠራች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። አንድ ፈረንጅ አገር ለቆ ሲሄድ ድሬዳዋ ላይ ትቷት ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት በሸራ ተሸፍና ከቆየች በኋላ ይህ ሀብታም ገዛት።

ጥበቡ፣ ይህን የምነግርህ በቀደም የጠየቅከኝን ልመልስልህ ብዬ ነው። «ጋሼ፣ እኔ ከእንጨት ሥራ ቤቴ ስወጣ ሥራው ይሄዳል፤ ስገባ ይቆማል። በሁለት ዓመት አምስት የሥራ መሪ ቀየርኩ። ስድስተኛውን ሰኞ ላሰናብተው ነው። ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?» አልከኝ። መልሱ አንድ ቃል ነው። አንዷን ቃል ብነግርህ ግን ከበሩ ሳትወጣ ትረሳታለህ። የእህቴ ልጅ ነህ፤ አውቅሃለሁ። ስለዚህ ተቀመጥና የመኪናዋን ነገር ስማ።

ሀብታሙ ሀብታም ሆኖ አልተወለደም። በባቡር ጣቢያው ዕቃ ተሸካሚ ነበር። ከዚያ ባዶ ጆንያ እየገዛ ሸጠ። ከዚያ ወፍጮ ተከለ። ከዚያ መጋዘን ሠራ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንዲህ ከታች የተነሣ ሰው ሁለት ነገር ይለምዳል፤ አንደኛው መሥራት፣ ሁለተኛው ሰው አለማመን። የወፍጮውን በር ጠዋት የሚከፍተው ራሱ፣ ማታ የሚዘጋው ራሱ ነበር። መጋዘን መግባት የፈለገ ሠራተኛ እሱን ካለበት ፈልጎ ማምጣት ነበረበት። ቤቱ ባለው ስልክ እንኳ ማንም እንዳይደውል ትንሽ ጓጉንቸር አስሮበት ነበር።

ይህ ሰው በሳምንት ስድስት ቀን ዝም ይላል። እሑድ ጠዋት ግን ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ጣሪያውን ገልጦ፣ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር መንገድ ይወጣል። የድሬዳዋ ሙቀት ከኋላ ሲቀርና የደጋው ነፋስ ፊቱን ሲነካው አፉ ይከፈታል። ስለ ጉብዝናው ያወራል፣ ይቀልዳል፣ አንዳንዴም ያንጎራጉራል። ሚስቱ ለጎረቤቶቿ «እኔ ባሌን የማገኘው እሑድ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። በሌላው ቀን ቤቴ የሚያድረው ነጋዴው ነው» ትል ነበር።

አንድ እሑድ መኪናዋ መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ደህና ስትሄድ ቆይታ በድንገት የዳሽቦርዷ መብራት ጨለመ፣ ሞተሩም ዝም አለ። ሰውየው ዳር ያዘና ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ኮፈኑን ከፈተ፣ የባትሪውን ሽቦ ወዘወዘ፣ ተመልሶም ገባ። ቁልፉን ሲያዞር ምንም እንዳልሆነች ተነሣች። «ሽቦው ላልቶ ነው» ብሎ ለሚስቱ አስረዳት።

በሁለተኛው ጊዜ የባትሪው ሽቦ ጠብቆ ነበር፤ ስለዚህ ካንዴላዎቹን ጠረገ፤ ተነሣች። በሦስተኛው ጊዜ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ጫን ጫን አደረጋቸው፤ ተነሣች። በአራተኛው ጊዜ ደከመውና ምንም ሳይነካ ኮፈኑን ከፍቶ ብቻ ገላመጣት። ያን ጊዜም ተነሣች።

ሚስቱ «ግልምጫም ይሠራል ማለት ነው» አለችው።

ወደ ጋራዥ ወሰዳት። የመጀመሪያው መካኒክ የመኪናዋን ቁልፍ ተቀበለና ራሱ ነድቶ ደንገጎ ድረስ ወጣ፤ ወረደ። ደግሞ ወጣ፤ ወረደ። አንዴም አልቆመችም። «ባትሪዋ አርጅቷል» አለና አዲስ ባትሪ አስገባ። በስምንተኛው ቀን ቆመች። ሁለተኛው መካኒክም ነዳት፤ አልቆመችም። ሽቦዎቿን ሁሉ አውጥቶ አዲስ ዘረጋላት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቆመች። ሦስተኛው የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ ሙያውን በቅርቡ ቢለምድም አፉ ከእጁ የቀደመ። እሱም ነዳት፤ አልቆመችም። «ቦቢናዋ ናት» አለ። ቦቢና ማለት ለካንዴላዎቹ እሳት የምትሰጠው ዕቃ ናት። ቀየራትና «ከእንግዲህ ብትቆም እጄን ቁረጡት!» ብሎ በሰው ፊት ማለ። በስድስተኛው ቀን ቆመች። አራተኛው ዲናሞዋን፣ አምስተኛው የፊውዝ ሳጥኗን ቀየሩ። ከዚያም በኋላ ቆመች።

እዚህ ላይ አንድ የሙያ ወግ ልንገርህ። መኪና ተበላሸ ተብሎ ሲመጣ መሪውን የሚይዘው መካኒኩ ነው። ባለቤቱ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ባለቤቱን አስነድቶ ከጎኑ የሚቀመጥ መካኒክ አላዋቂ ይመስላል። ስለዚህ አምስቱም ባለሙያዎች ራሳቸው ነዱ፤ ባለቤቱም አምስቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀ። ቁልፍ ሲያስረክብም እንደ ልማዱ የመኪናዋን ቁልፍ ከቀለበቱ ፈልቅቆ አውጥቶ ይሰጥና የቀረውን ኪሱ ይከታል። የመጋዘኑን ቁልፍ ለመካኒክ ሰጥቶ የሚተኛ ሰው አልነበረም።

ከተማው መሳቂያ አደረጋት። አንዱ «ሐኪም ሲያይ ትኩሳቷ የሚወርድ ሙሽራ ናት» አለ። ሌላው «ሰው በልቷት ነው፤ ቀይ መኪና ዓይን አይችልም» አለ። ሀብታሙ ይህን ሲሰማ ከመስታወቷ ላይ አንድ ክታብ አንጠለጠለ። ክታቡን ካንጠለጠለ በአራተኛው ቀን ቆመች።

ከዚያ ክፉው እሑድ መጣ። ከደንገጎ ሲወርዱ፣ አንዱን ጥምዝ ሊጨርሱ ሲሉ ሞተሩ ጠፋ። ከኋላቸው ጨው የጫነ ከባድ መኪና ነበር። ክላክሱን እያንባረቀ መጣ። ሀብታሙ መሪውን ወደ ገደሉ ዳር ጠመዘዘ፤ ከባድ መኪናው አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት አልፏቸው ሄደ። አቧራው ሲበተን ሚስቱ አጠገቡ የለችም። ወርዳ መንገዱ ዳር ቆማለች፤ ነጠላዋን ታጠብቃለች።

«ግቢ፤ አሁን ትነሣለች» አላት።

«መነሣቷን መች አጣሁት? እኔን የሚያስፈራኝ መቆሟ ነው።» ድንች የጫነ መኪና አስቆመችና ጋቢናው ውስጥ ገባች። ከመሄዷ በፊት በመስኮቱ ብቅ ብላ «ከእንግዲህ እሑድ እቤቴ ነኝ» አለችው።

ሁለት እሑድ አለፈ። ሀብታሙ ሁለቱንም እሑድ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ባልና ሚስቱ በሁለቱ እሑድ ስንት ቃል እንደተለዋወጡ ሚስቱ በኋላ ነግራኛለች። ዘጠኝ ነው፤ አራቱ ስለ ምሳ ናቸው። በሦስተኛው ሳምንት፣ አሮጌ መኪና እየገዛ አፍርሶ ዕቃውን የሚሸጥ አንድ ሰው መጣ። ሀብታሙ ቅዳሜ መጥቶ እንዲወስዳት ቃል ሰጠው።

ያን ቀን ሚስቱ ዝም ብላ ወጣች። በሦስተኛው ቤት የሚኖር፣ ከባቡር ድርጅት ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ ነበር። ሠላሳ ሁለት ዓመት በሐዲዱ ዳር የሚያልፈውን የቴሌግራፍ ሽቦ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። እሱን ይዛ ተመለሰች።

ባሏን «ከመፍረሷ በፊት እኚህ ሰው ይዩልኝ» አለችው።

ሽማግሌው በአንድ እጁ ደብተር፣ በሌላው እርሳስ ይዟል። ሀብታሙ ከላይ እስከ ታች አየው።

«አባባ፣ መፍቻዎን ረሱ እንዴ?»

«መፍቻ የሚያስፈልገው የሚፈታው ሲታወቅ ነው፤ አምስት ሰው ፈትቶ አላገኘውም ሲሉ ሰማሁ። በል፣ ስንት ጊዜ ቆመች?»

«ኧረ ብዙ ጊዜ ነው።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም» አለ ሽማግሌው፤ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «አንድ ነገር ልንገርህ ልጄ። ሽቦ ተበጥሶ ከቀረ ማንም ያገኘዋል፤ ሄደህ ጫፉን ታነሣለህ። የሚያስቸግረው መጥቶ የሚሄደው ነው። ስትደርስበት ደህና ይሆናል፤ ዞር ስትል ይመለሳል። እሱን በእጅ አትይዘውም፤ በቁጥር ነው የምትይዘው።»

መቁጠር ጀመሩ። ባልየው አሥራ ሁለቱን አስታወሰ፤ ሚስትየው ሰባት ጨመረች። አሥራ ዘጠኝ። ሽማግሌው ለእያንዳንዱ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዳገት ይሁን ቁልቁለት፣ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ማን እንደነዳ ጻፈ። ግማሹ በፀሐይ ነው፣ ግማሹ በደመና። ሞተሩ የጋለበት አለ፣ ገና ከቤት የወጣችበትም አለ። ሀብታሙ «አዩ፣ መላ የላትም» አለ።

«ገና ግማሹን ነው የቆጠርነው። ያልቆመችበትስ?»

«ያልቆመችበትን ደግሞ ማን ይቆጥራል?»

«ሰው የታመመበትን ቀን ይቆጥራል፤ ደህና የዋለበትን ይረሳል። መድኃኒቱ ያለው ግን ደህና በዋለበት ቀን ነው።»

ሰው ልከው አምስቱንም መካኒኮች ጠየቁ። አንዱ ሁለቴ፣ አንዱ ሰባቴ፣ ሌሎቹም እንደ ትጋታቸው፤ ሁሉም በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዳገትና ቁልቁለት ሃያ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ከሃያ ሦስቱ የቆመችበት፣ ባዶ። ሽማግሌው ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን አድርጎ ለባልየው አሳየው። በአንደኛው ገጽ የነጂው ስም አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያው አንድ ስም ነው።

«እና የማቆማት እኔ ነኝ እያሉኝ ነው?» አለ ሀብታሙ፤ ተቆጣ።

«እኔ ምንም አላልኩም። ያለው ቁጥሩ ነው።»

ሚስትየው ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሳቋን ለመደበቅ ነው።

«ነገ ዓርብ ነው» አለ ሽማግሌው። «አንተ ትነዳለህ፤ እኔ እቀመጣለሁ።»

«ባለሙያ እኮ ራሱ ነው የሚነዳው!»

«ለዚህ ነው ያላገኙት።»

በማግስቱ ጠዋት ወጡ። ሽማግሌው መንገዱን አላየም፣ ሞተሩን አላዳመጠም። ወደ ጎን ዞሮ ተቀምጦ ሰውየውን ብቻ ያያል፤ እጁን፣ እግሩን፣ ጉልበቱን።

«መንገዱን ይዩ እንጂ፣ እኔ ላይ ምን አፈጠጡ?» አለው ሀብታሙ።

«መንገዱን አንተ እይ፤ ነጂው አንተ ነህ።»

ደንገጎን በሰላም ወጡ። አዙረው መውረድ ጀመሩ። ሀብታሙ ቅዳሜ የሚመጣውን ገዢ እያሰበ «ዛሬ እንኳ ቁሚልኝ እንጂ፣ ልታሳፍሪኝ ነው?» እያለ ያጉረመርማል። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም፤ ሰው መኪናው እንድትቆምለት ሲለማመን። ሁለተኛውን ጥምዝ አልፈው አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ ሲደርሱ መኪናዋ ተንገጫገጨች፣ የዳሽቦርዱ መብራት ጨለመ፣ ሞተሩ ጠፋ።

ሀብታሙ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

«አትንካ!» አለ ሽማግሌው። «ማርሹንም አታውጣ፤ ዝም ብለህ መሪህን ያዝ።»

መኪናዋ በቁልቁለቱ ያለ ድምፅ ትንከባለላለች። ሽማግሌው መዳፉን ዘረጋና፣ ከመሪው አጠገብ፣ ቁልፉ ከተሰካበት ቀዳዳ ሥር የተንጠለጠለውን የቁልፍ እስር ከታች ደገፍ አድርጎ ወደ ላይ አነሣው። ጫጩት እንደሚያነሣ ሰው፣ በቀስታ።

ሞተሩ ተነሣ።

ሽማግሌው መዳፉን ለቀቀ። የቁልፍ እስሩ ወርዶ ተወዛወዘ፣ የሰውየውን ጉልበት መታ፤ ሞተሩ ጠፋ። ደግሞ አነሣው፤ ተነሣ። ለቀቀው፤ ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ አንሥቶ እንደያዘ፣ «ሦስት ጊዜ ከሆነ በቃ፣ ሆኗል። አሁን ዳር ያዝ» አለ።

አንድ ዋርካ ሥር ቆሙ። ሽማግሌው የቁልፉን እስር ጭኑ ላይ አድርጎ ቆጠረ። ከመኪናዋ ቁልፍ ሌላ አሥራ ሰባት ነበሩ። ሦስቱ የመጋዘን ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የእጅ ጣት የሚያህሉ ብረት። ሌሎቹ የወፍጮው፣ የግቢው በር፣ የካዝናው፣ የስልኩ ጓጉንቸር፣ የሻንጣው። በኋላ በወፍጮ ቤቱ ሚዛን ሲመዘኑ ስምንት መቶ ግራም ሆኑ።

«ቁልፉ የሚገባበት ውስጥ መብራቱን የምታገናኝ ትንሽ መዳብ አለች» አለ ሽማግሌው። «አርጅታለች፤ ሳስታለች። የመኪናዋን ቁልፍ ብቻ ብትሸከም ገና ብዙ ዓመት ትችላለች። አንተ ግን ወፍጮህንም መጋዘንህንም ግቢህንም አንጠልጥለህባታል። መንገዱ ሲያንገጫግጫት እስሩ ወደ ታች ይጎትታታል፤ መዳቧ ትለቃለች። ወርደህ ቁልፉን ነቅለህ ስትመልሰው ደግሞ ትገጥማለች። ግልምጫህም የሠራው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ለመካኒኮቹ ለምን...» አለ ሀብታሙ።

«ለመካኒክ ስትሰጥ እንዴት አድርገህ ነው የምትሰጠው?»

«ፈልቅቄ... ብቻዋን።»

ከዚያ ሀብታሙ መሳቅ ጀመረ። ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው እስኪያዩት ሳቀ። መኪናዋ ደህና ናት! አትፈርስም፤ አትሸጥም። መኪናዋ መቆም ከጀመረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከደረቱ ላይ አንድ ነገር የወረደለት ያን ቀን ነበር።

ሽማግሌው አልጨረሰም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያነሣ «ይህ የምንድነው?» ይለዋል። አንደኛው ከስድስት ዓመት በፊት የሸጠው ቤት ቁልፍ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ምስጥ የበላው ሳጥን ቁልፍ ነበር። አንደኛው ጓጉንቸሩ የጠፋ ነው። አንደኛውን ራሱም አላወቀውም። ከአሥራ ሰባቱ አራቱ የሚከፍቱት ነገር በዓለም ላይ የለም። ስንት ዓመት ተሸክሟቸው ኖሯል።

ቤት ሲደርሱ ሚስትየው በር ላይ ቆማለች።

«ምኗን አገኛችሁት?»

ባልየው የቁልፉን እስር አንሥቶ አሳያት። «ይኸው በሽታዋ።»

ተቀበለችው። እያገላበጠች ስታይ አንዷን ትንሽ ቁልፍ ለይታ በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ይቺ የስኳሬ ቁም ሳጥን ቁልፍ አይደለችም? ዘጠኝ ዓመት ስኳር ስለምንህ ኖርኩ እኮ! ለካ መኪናዋም እንደኔ ስትለምንህ ነው የኖረችው።»

ሀብታሙ ቁልፏን ከቀለበቱ ፈልቅቆ ሰጣት። ወፍጮ ቤት ሄዶ የወፍጮውን ቁልፍ ለወፍጮ ሠራተኛው ሰጠ፤ ሰውየው ለመቀበል ዘርግቶ ሁለት ጊዜ እጁን መለሰ፤ ሊፈትነው መስሎት ነው። የመጋዘኖቹንም ለየጠባቂዎቻቸው ሰጠ። የካዝናውን ግን ለማንም አልሰጠም፤ በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አሰረው። ሞኝ አልነበረም። ቅዳሜ የመጣውን ገዢ ሻይ አጠጥቶ ሸኘው። እሑድ ከሦስት ሰዓት በፊት ሚስቱ ከቤት ቀድማ ወጥታ፣ ጣሪያውን ራሷ ገልጣ፣ ተቀምጣ ጠበቀችው። ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተመለሱም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ያቺ መኪና ከዚያ በኋላ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቆመችም።

እንግዲህ ጥበቡ፣ መኪናዋ የሥራ ቤትህ ናት። ባትሪው፣ ሽቦው፣ ቦቢናው፣ ዲናሞውና የፊውዝ ሳጥኑ አምስቱ የሥራ መሪዎችህ ናቸው። አምስት ደህና ዕቃ አወጣህ፣ አምስት ደህና ዕቃ አስገባህ። ሰኞ ስድስተኛውን ልታወጣ ነው። «ስወጣ ይሄዳል፣ ስገባ ይቆማል» ብለህ ግማሹን ቆጥረህ ራስህ ነግረኸኛል፤ የተናገርከውን ግን አልሰማኸውም። እኔ ሌላውን ግማሽ ቆጥሬልሃለሁ። ሐሙስ ዕለት ሥራ ቤትህ መጥቼ አንድ ሰዓት ተቀምጬ አልነበር? ሽማግሌ ደክሞት ያረፈ መስሎህ ሻይ አስመጣህልኝ። በዚያች አንድ ሰዓት «ቆይ እኔ ልየው» ያልከው ሠላሳ አራት ጊዜ ነው። አናጢው ጣውላ ሊቆርጥ ሲል፤ ቆይ እኔ ልየው። ቀቢው ቀለም ሊበጠብጥ፤ ቆይ እኔ ልየው። የሥራ መሪው ሙጫ ሊያወጣ ፈልጎ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪስህ እስክታወጣ ስድስት ሰው እጁን አጣጥፎ ቆመ። ስትወጣ ግን ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ትተህ ትሄዳለህ፤ መካኒክ ዘንድ የሄደችው መኪና እንዲያ ናት።

የሥራ መሪህ ደካማ አይደለም። ሰው ሁሉ እንደዚያች መዳብ ነው፤ የራሱን ሥራ ይሸከማል። አሥራ ሰባት ያንተን ስታንጠለጥልበት ግን በጎደጎደ መንገድ ላይ ይለቃል።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅክ ትለኝ ይሆናል። ሦስተኛው መካኒክ እኔ ነበርኩ። ያወጣኋት ቦቢና ደህና ነበረች፤ ሽማግሌው ፈትኖ ፊቴ አስቀመጣትና «ዕቃ ቀየርክ፤ ቁጥር ግን አልጠየቅክም» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቆጥሬ ሳልጨርስ መፍቻ አንሥቼ አላውቅም፤ ጋራዤን ያቆመልኝ እሱ ነው። በሰው ፊት የማልኩበትንም እጅ ባለቤቱ ምሮልኛል። ይኸው፣ ሁለቱም አሉ፤ ቁጠራቸው።

ሳቅህ። ደህና ነው፤ ሀብታሙም ስቆ ነበር።

ስለዚህ ሰኞ ማንንም አታሰናብት። ሰኞ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለሥራ መሪህ ስጠው፤ የካዝናህን ቁልፍ አንገትህ ላይ እሰር፤ ከዚያም ወንበርህ ላይ ተቀመጥና አንደበትህን ያዝ። ሥራው ስንት ጊዜ እንደቆመና ስንት ጊዜ እንዳልቆመ በሁለት ገጽ ጻፍ። የዛሬ ሳምንት ደብተሩን ይዘህ ና። ብዙ ጊዜ ነው ብለህ ግን እንዳትመጣብኝ።